ትሬይል ካሜራ ለማሳ፣ ለበረትና ለግቢ፦ ወሎ ውስጥ የቱን ብንገዛ ይሻላል?

ማሽላ ሲያሸት ጃርቱም ዝንጀሮውም ከርከሮውም ይመጣል። ከተማ ላይ ደግሞ የሚያስቸግረው ሌባ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ የሚጠብቅ ልጅ እንደ ድሮው አይገኝም፣ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ "በእንቅስቃሴ የሚያነሳ ትንሽ ካሜራ ልግዛ ወይ?" የሚል ሰው ቢበዛ አይገርምም። ችግሩ ሱቅ ስትገቡ ነው። ሁሉም የዛፍ ቅርፊት ቀለም የተቀባ፣ ሁሉም ላይ "ፎር ኬ" (የቪዲዮ ጥራት መለኪያ) የተጻፈበት፣ ሁሉም "ውሃ አያስገባም" የሚባልለት። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ።

የብራንድ ስም አልጠራም። ብራንዱ በየጊዜው ይቀያየራል፣ መስፈርቱ ግን ያው ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ትሬይል ካሜራ ማለት ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሙቀት ያለው ነገር ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነቅቶ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚያነሳ ካሜራ ነው። ሌላውን ጊዜ ይተኛል። ድንጋዩ ለወራት የሚቆየውም ለዚህ ነው። በውጭ አገር አዳኞችና የዱር እንስሳት አጥኚዎች ናቸው ያስለመዱት። እኛ ጋ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለማሳ፣ ለበረት፣ ለንብ ቀፎ፣ ለግንባታ ዕቃና ለግቢ ነው።

መጀመሪያ ይሄን መልሱ

ምስሉን ካያችሁ በኋላ ምን ልታደርጉ ነው?

ይሄን ሳትመልሱ ገንዘብ አታውጡ። "ማሽላዬን የሚበላው ምንድን ነው?" የሚል ሰውና "ሌሊት በሬ ሲከፈት ስልኬ ይጩህልኝ" የሚል ሰው አንድ ዕቃ አይገዙም። የመጀመሪያው ምስሉን ከሳምንት በኋላ ቢያየው ምንም አይጎድልበትም። ጃርት ከሆነ አጥሩን ከሥሩ ያጠብቃል፣ ዝንጀሮ ከሆነ ቀን ቀን ሰው ያቆማል፣ የጎረቤት አህያ ከሆነ በሽማግሌ ይነጋገራል። ሁለተኛው ግን ምስሉ ሌባው ገና ግቢ ውስጥ እያለ ካልደረሰው ካሜራው አልረዳውም። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም ይሄው ነው፣ ምስሉ መቼ እጃችሁ ይገባል የሚለው። ሌላው ሁሉ፣ ሜጋፒክስሉም ፎር ኬውም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ሌላም አለ። አርሶ አደሩ ኩታበር፣ ልጁ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ከሆነ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለልጁ ነው። ልጁ ለማን ይደውላል? ሌሊት ተነስቶ በረት ድረስ የሚሄድ ሰው ከሌለ፣ ወዲያው የሚልክ ካሜራ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ይሄን ቤተሰብ ተነጋግሮ ይወስን።

ሴንሰሩና ፍጥነቱ

ካሜራውን የሚቀሰቅሰው ፒአይአር የሚባል ሴንሰር ነው። ከፊቱ ያለውን ሙቀት ይከታተላል፤ ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ሲያልፍ ይነቃል። ከዚህ የሚመጡ ሦስት ነገሮች አሉ፣ ሻጭ አይነግራችሁም።

አንደኛ፣ ቆላ ላይ እኩለ ቀን ይደክማል። ቆቦ ወይም ባቲ በሞቃት ቀን አየሩ 35 ዲግሪ ሲጠጋ የእንስሳው ገላና አየሩ በሙቀት ይቀራረባሉ፣ ሴንሰሩ መለየት ያቅተዋል። ማሸጊያው ላይ 20 ሜትር ቢልም በዚያ ሰዓት እሱን አትጠብቁ። ዝንጀሮ ደግሞ የሚመጣው በቀን ነው። ስለዚህ ቆላ ያላችሁ ካሜራውን ዝንጀሮው ወደሚገባበት ቦታ አቅርቡት፣ ከሩቅ ሆኖ ማሳውን ሁሉ ያያል ብላችሁ አትመኑ። ደጋ ላይ ግን ይሄ ችግር የለም፤ ደላንታ ሌሊት ላይ ሴንሰሩ አብሽሩ፣ ጥሩ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ይቀሰቅሰዋል። ማሽላ መሀል የቆመ ካሜራ ቅጠል ሲያነሳ ይውላል፤ ካርዱም ድንጋዩም በከንቱ ያልቃል። ማሳው ዳር ላይ፣ ፊቱ ያለው ሣርና ቅርንጫፍ ተጨፍጭፎ፣ ወደ እንስሳው መተላለፊያ ዞሮ ነው መቆም ያለበት። እንስሳው ፊት ለፊት እየመጣ ከሚሆን ከጎን ሲያልፍ ሴንሰሩ ቶሎ ይይዘዋል።

ሦስተኛ፣ በመስታወት አያይም። ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት ግቢ ይጠብቅልኛል ያለ ሰው ካለ ይሄን ይተው።

ፍጥነት የምለው ሴንሰሩ ከነቃ ጀምሮ ፎቶው እስኪነሳ ያለውን ጊዜ ነው። ከ0.2 እስከ 0.5 ሰከንድ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ1 ሰከንድ በላይ ከሆነ ለበርና ለመተላለፊያ አይሆንም። ተራምዶ የሚያልፍ ሰው በሰከንድ 1.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በግማሽ ሰከንድ 70 ሳንቲሜትር ነው፣ አሁንም ምስሉ ውስጥ አለ። በ1.5 ሰከንድ ግን ከ2 ሜትር በላይ ሄዷል። የሚሮጥ ከሆነማ ባዶ መሬት ነው የምታዩት።

ቃሉ ወረዳ ውስጥ አጎቴ ማሳ ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። ቀኝ ጠርዝ ላይ ጥቁርና ነጭ እሾህ ተንጨፍርሮ ይታያል፣ ጭንቅላት የለ፣ እግር የለ። መሀል ላይ ከሥሩ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ ተጋድሟል። ካሜራው ቀርፋፋ ስለነበር ጃርቱ ሊወጣ ሲል ነው የደረሰበት። ጃርት መሆኑን ለማወቅ በቂ ነበር፣ አጎቴም አጥሩን ከሥር በድንጋይ ደፍኖ ተገላገለ። ሌባ ቢሆን ኖሮስ? የጃኬት ጫፍ ይዛችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ?

የሌሊት መብራት

ሌሊት የሚያበሩት የማይታይ ወይም በጭንቅ የሚታይ ብርሃን ነው፣ ኢንፍራሬድ ይባላል። ማሸጊያው ላይ ከሁለት ቁጥር አንዱን ፈልጉ። 850 ናኖሜትር ከሆነ ሲያነሳ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ይታያል፤ በምትኩ ርቆ ያበራል፣ ምስሉም ጠራ ይላል። 940 ናኖሜትር ከሆነ በሰው ዓይን አይታይም፤ ግን ርቀቱ ያጥራል፣ ምስሉም ደመና ይላል።

ለማሳና ለበረት 850 ውሰዱ። ሰው ይገባል ለምትሉት ቦታ 940። ሌባ ቀይ ነጥብ ካየ መጀመሪያ ነቅሎ የሚወስደው ካሜራውን ነው።

ሁለቱም ሌሊት የሚያነሱት ጥቁርና ነጭ ነው። "የለበሰው ቀይ ነው ሰማያዊ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም። ነጭ መብራት ብልጭ የሚያደርጉ ካሜራዎች ቀለም ያሳያሉ፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያያቸዋል፤ ሌባን ማባረር ለሚፈልግ ይሆናሉ፣ ለመያዝ ግን አይሆኑም።

የደሴ ክረምት ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ የካሜራው መብራት ጉሙ ላይ አርፎ ይመለሳል፣ ምስሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ውድ ካሜራ በመግዛት የምታልፉት ነገር አይደለም። ለበሩ አቅርባችሁ ስቀሉት፣ 4 ወይም 5 ሜትር ላይ። በቃ።

የድንጋይ ነገር

ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው፣ ካሜራው ሳይበላሽ "ተበላሸ" የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከየኪዮስኩ የሚገዛው ርካሽ የሪሞት ድንጋይ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ቀን ቀን ያነሳል፣ ሌሊት ግን መብራቱ በአንዴ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ድንጋዩ አቅም ያጣና ካሜራው ይጠፋል፣ ወይም ጥቁር ምስል ይመጣል። "ቀን ይሠራል ሌሊት አይሠራም" የሚል ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ድንጋዩን ጠይቁት። ቢያንስ አልካላይን ይሁን። አልካላይንም ቢሆን ብርድ ላይ ይደክማል። ሊቲየም የሚባለው ደብል ኤ፣ ቻርጅ የማይደረገው ባለ 1.5 ቮልት፣ ብርድ አይበግረውም፣ ከሁሉም ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን ውድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከካሜራው ይልቅ እሱን አስመጡ እላለሁ።

ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ በጊዜ ብዛት ይረክሳል፣ ግን አንዱ 1.2 ቮልት ነው። አንዳንድ ካሜራ በ1.2 ሲሞላ "ድንጋዩ አልቋል" ብሎ አልሠራም ይላል። መመሪያው ላይ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይቀበላል የሚል መኖሩን አረጋግጡ። አሮጌና አዲስ አታደባልቁ።

ትንሿ ካሜራ ላይ የማነሳው ቅሬታም ይሄው ነው። መዳፍ የምታክለዋ ብዙውን ጊዜ 4 ድንጋይ ነው የምትይዘው፣ ትልቁ 8። ትንሽነቷ ለመደበቅ እጅግ ይመቻል፣ የሚያየው ሰው አይኖርም፤ ነገር ግን መብራቷም ትንሽ ነው፣ ድንጋይም ቶሎ ትጨርሳለች። በየሳምንቱ ለምትደርሱበት ቦታ ጥሩ ናት። ባል ከተማ፣ ሚስት ከተማ፣ ማሳው ገጠር ሆኖ በሁለት ወር አንዴ ለሚታይ ቦታ አትገዟት።

ሶላር? ጥሩ ነው፣ በተለይ ለኮምቦልቻና ለቆቦ። ደጋ ላይ ግን የክረምቱን ሁለት ወር አስቡ። ሶላሩ የውስጡን ባትሪ የሚሞላ ከሆነና ባትሪው ትልቅ ከሆነ ያልፋል፤ ካሜራው በሶላሩ ብቻ የሚኖር ከሆነ በጉሙ ወራት፣ ለሌባ በሚመቸው ጊዜ፣ ይጠፋባችኋል።

ሜጋፒክስል፣ ካርድና ሰዓት

48 ሜጋፒክስል የሚለውን አትስሙ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ትክክለኛ የምስል ሴንሰራቸው ጥቂት ሜጋፒክስል ነው፣ የቀረው በሶፍትዌር የተነፋ ነው። ፋይሉ ይተልቃል፣ ፊቱ አይጠራም። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ሌሊት የተነሳ ፎቶ አሳየኝ።

ካርድ 32 ጊጋባይት ይበቃል። አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ብንል እንኳን ወደ 10,000 ፎቶ ይይዛል። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ከ32 በላይ የሆነ ካርድ አያነቡም፣ ስለዚህ ሳትጠይቁ 128 እንዳትገዙ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት።

ሰዓቱን ስትሞሉ አስቡበት። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሳ ፎቶ ላይ 02:00 ይላል። አንዳንዱ ሰው በኛ ሰዓት ይሞላዋል፤ ከዚያ ካሜራው ቀኑን የሚቀይረው በኛ ስድስት ሰዓት ሌሊት ሳይሆን ሌላ ጊዜ ይሆናል፣ ቀንና ሌሊቱም ይምታታል። ለፖሊስ ወይም ለሽማግሌ የሚቀርብ ከሆነ ይሄ ጭቅጭቅ ያመጣል። በፈረንጅ ሙሉት፣ ስታዩት ስድስት ሰዓት ቀንሱ (ከ06:00 በፊት ከሆነ ስድስት ደምሩ፣ ከ18:00 በኋላ ከሆነ 18 ቀንሱ)። ድንጋይ በቀየራችሁ ቁጥርም ሰዓቱ አለመጥፋቱን እዩ።

አሁን አማራጮቹን እንያቸው

*ተራው ካሜራ፣ ሲም የሌለው።* ካርድ፣ ድንጋይ፣ ሌላ ምንም የለውም። ኔትወርክ ኖረ አልኖረ፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ፣ እሱ ሥራውን ይሠራል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ለአርሶ አደር የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን "ስልክ ላይ የማይመጣ ምን ያደርግልኛል" ብሎ ይንቀዋል። ድክመቱ ግልጽ ነው፣ ካሜራው ከተሰረቀ ምስሉም አብሮ ሄደ።

*ትንሿ ሚኒ ካሜራ።* ከላይ ያልኩት ነው። አንዳንዶቹ ሌንሳቸው ሰፊ ነው፣ እስከ 120 ዲግሪ ያያሉ። ለጠባብ ግቢና ለበር ሰፊው ይመቻል፤ ለማሳ ግን እንስሳው ምስሉ ላይ ጥቃቅን ሆኖ ይወጣል።

*ባለ ዋይፋይና ብሉቱዝ ትሬይል ካሜራ።* እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። "በስልክ ይታያል" ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ከካሜራው 10 ወይም 20 ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ ነው። ካሜራው የራሱን ዋይፋይ ያወጣል፣ ስልካችሁ እሱን ይይዛል፣ ፎቶውን ትወስዳላችሁ። ኢንተርኔት የለበትም። ሐይቅ ከተማ ያለውን ካሜራ ደሴ ተቀምጦ አያሳይም። ጥቅሙ መሰላል ሳትይዙ፣ ካርድ ሳታወጡ፣ ከታች ሆናችሁ ምስሉን መውሰድ ነው። ከፍ ብሎ ለተሰቀለ ካሜራ ጥሩ ነው። ለዚያ ካልሆነ ተጨማሪውን ዋጋ አትክፈሉ።

*ባለ 4ጂ ሲም ትሬይል ካሜራ።* ሲም ይገባበታል፣ ሲያነሳ ትንሽ አድርጎ ወደ ስልካችሁ ይልካል። ካሜራው ቢሰረቅ እንኳን የሰራቂው ፎቶ አስቀድሞ ደርሷችኋል። ለበረት፣ ለግንባታ ቦታ፣ ሰው ለማይኖርበት ግቢ ከዚህ የሚሻል የለም። ዳታውም አያስፈራም፦ አንድ የተላከ ፎቶ 100 ኪሎባይት፣ በቀን 50 ፎቶ ብንል በወር 150 ሜጋባይት ነው። ቅጠል የሚቀሰቅሰው ከሆነ ግን ዳታውም ድንጋዩም ይፈሳል።

ሦስት ወጥመድ አለበት። አንዱ፣ አሜሪካ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለዚያ አገር ኔትወርክ ብቻ ተቆልፈው የሚመጡ ናቸው፣ ቬራይዘን ወይም ኤቲ ኤንድ ቲ የሚል ካያችሁ ዘመዳችሁን "ተወው" በሉት። ሁለተኛው፣ አንዳንዱ በአምራቹ አፕ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አፑ ደግሞ በየወሩ በዶላር ካርድ ይጠይቃል። እዚህ ሆኖ በየወሩ ያንን መክፈል ለብዙ ሰው አይሆንም። ያለ ክፍያ ቢያንስ ፎቶ ይልካል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው፣ ኔትወርክ። የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም ብታስገቡ፣ መፈተን ያለበት ካሜራው በሚቆምበት ቦታ፣ በዚያው ሲም፣ በስልካችሁ ነው። ገደል ሥር ያለ ማሳ ላይ ሁለት እርምጃ ለውጥ ያመጣል።

*ባለ ሶላር 4ጂ የደህንነት ካሜራ።* ጭንቅላቱ የሚዞረው፣ አናቱ ላይ ሶላር ያለው፣ ሱቅ ሁሉ የሞላው። ትሬይል ካሜራ አይደለም፣ ግን ከሱ ጋር ስለሚወዳደር አስገባሁት። ቀጥታ ማየት ይቻላል፣ መናገርም ይቻላል፦ "ማነህ አንተ?" ስትሉት ሌባው ይሰማል። ለከተማ ግቢ ይሄን እመርጣለሁ። ዳታ ግን ይበላል። ቀጥታ ምስል በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሄድ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት ነው፤ በቀን 10 ደቂቃ ያየ ሰው በወር ከ2 ጊጋባይት በላይ ይጨርሳል። አይደበቅም፣ ማንም ያየዋል። ከፍ አድርጋችሁ፣ እጅ በማይደርስበት ስቀሉት።

*የቤት ዋይፋይ ካሜራ።* ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ከቤት ራውተር ጋር የሚገናኝ። ዋጋው ቀላል፣ ምስሉ ጥሩ። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ራውተሩም አብረው ይጠፋሉ፣ ሌባ ደግሞ ጨለማ ይወዳል። ለራውተሩና ለካሜራው ትንሽ ባክአፕ ባትሪ ካላችሁ ጥሩ ምርጫ ነው። ከሌላችሁ ለሱቅ ቀን ቀን መቆጣጠሪያ ይሁን፣ ለሌሊት አትመኑት።

| አማራጭ | ምስሉ መቼ ይደርሳል | ኃይል | የሚሆነው ለ | ዋናው ድክመት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ፣ ሲም የሌለው | ካርዱን ስታወጡ | 8 ድንጋይ፣ ለወራት | ማሳ፣ ቀፎ፣ የዱር እንስሳ | ከተሰረቀ ምስሉም ይጠፋል | ዝቅተኛ፣ ወርሃዊ የለውም |
| ሚኒ | ካርዱን ስታወጡ | 4 ድንጋይ፣ ቶሎ ያልቃል | የተደበቀ ቦታ፣ ጠባብ በር | የሌሊት ርቀቷ አጭር | በጣም ዝቅተኛ |
| ዋይፋይና ብሉቱዝ | አጠገቡ ስትቆሙ | 8 ድንጋይ | ከፍ ብሎ የተሰቀለ | ከሩቅ አይታይም | መካከለኛ |
| 4ጂ ትሬይል | ወዲያው | ድንጋይ ወይም ሶላር | በረት፣ ግንባታ፣ ባዶ ግቢ | ኔትወርክ፣ የአፕ ክፍያ | ከፍተኛ፣ ዳታ አለው |
| ሶላር 4ጂ | ወዲያው፣ ቀጥታም | ሶላርና ባትሪ | የከተማ ግቢ | ዳታ ይበላል፣ ይታያል | መካከለኛ ወይም ከፍተኛ፣ ዳታ አለው |
| የቤት ዋይፋይ | ወዲያው | መብራት | ሱቅ፣ ሳሎን፣ በረንዳ | መብራት ሲጠፋ ይጠፋል | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ?

ቃሉ፣ ቆቦ፣ ሐብሩ ማሽላ ላላችሁ፦ ተራው ባለ 8 ድንጋይ፣ 850 መብራት፣ ፍጥነቱ ከግማሽ ሰከንድ ያልበለጠ። ገንዘብ ከተረፈ ሁለተኛ ተራ ካሜራ ግዙ እንጂ አንዱን ወደ 4ጂ አታሳድጉ፤ ማሳ ሁለት መግቢያ አለው። ጎረቤታሞች ተዋጥታችሁ አንድ ገዝታችሁ በየተራ ብታቆሙትም ይሆናል፣ የሚበላው አንድ ዓይነት እንስሳ ነውና።

በግና ፍየል፣ ጅብ ወይም ሌባ ለሚያሰጋችሁ፦ ቤቱ ከበረቱ አጠገብ ከሆነ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት በረቱን አጥብቁ፣ ውሻም ይኑር። ይሄን የምለው ገንዘባችሁ ስለሚያሳዝነኝ ነው፤ ካሜራ ጅብ አያስቆምም። በረቱ ራቅ ያለ ከሆነና የሚደርስ ሰው ካለ 4ጂ ትሬይል።

ዶሮ ለሚያረቡ፦ ሸለምጥማጥ ትንሽና ፈጣን ናት። ሚኒ ካሜራ ከበሩ 3 ሜትር ላይ፣ ዝቅ ተደርጋ፣ አጭር ቪዲዮ ላይ ተሞልታ።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ግቢ ላላችሁ፦ ሶላር 4ጂ ከላይ፣ አቅም ካለ ደግሞ አንዲት ሚኒ ባለ 940 ከታች ተደብቃ ወደ በሩ። ትልቁን ሌባው አይቶ ፊቱን ሲሸፍን ትንሿን አያያትም።

ከአገር ውጭ ሆናችሁ እዚህ ቤት ለምታሠሩ፦ ለብረትና ለሲሚንቶው 4ጂ ትሬይል፣ መጋዘኑ በር ላይ። ጥበቃው ካሜራ እንዳለ ይወቅ። ሳይነገረው የተተከለ ካሜራ በኋላ መተማመን ያጠፋል።

ለአደን የምታስቡ፦ አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። ማሳ የሚያጠፋ እንስሳ ሲበዛም መጀመሪያ ወረዳው ይነገረው፣ ፎቶው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቦረና ሳይንትና አቡነ ዮሴፍ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። እዚያ በተራው ካሜራ የሚነሳ ፎቶ ለአስጎብኚም ለጥበቃም ይጠቅማል፤ ባለ 940 ይሁን፣ እንስሳውን አይረብሽም።

ስትተክሉትና ስትከፍሉ

ለቀበሌና ለጎረቤት ተናገሩ። ጫካ ቀለም የተቀባ፣ ሽቦ ያለው፣ ዛፍ ላይ የታሰረ ሳጥን ያገኘ ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። አንድ ቃል አስቀድሞ መናገር ከብዙ ጣጣ ያድናል። ካሜራው የጎረቤትን በርም የሴቶችን ውሃ መቅጃ መንገድም አይይ፤ ወደ ራሳችሁ ቦታ አዙሩት።

ከፍታው ለእንስሳ የወገብ ልክ፣ ለሰው ከቁመት በላይ ሆኖ ወደ ታች ያዘነበለ። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አታዙሩት፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ሌንሱን ይመታዋል። ከክረምት በፊት የካሜራውን መክፈቻ በር ጎማ ጥረጉት፤ አይፒ66 (ውሃና አቧራ የመከላከል ደረጃ) ተብሎ የተጻፈበትም ጎማው ላይ አፈር ካለ ውሃ ያስገባል።

ሱቅ ውስጥ ድንጋይና ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ካሜራውን ጨለማ ክፍል ወይም ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ እጃችሁን አወዛውዙ፣ የተነሳውን ፎቶ እዚያው እዩ። ጣቶቻችሁ ተቆጥረው ካልታዩ መልሱለት። ባለ 4ጂ ከሆነ የራሳችሁን ሲም አስገቡበት፣ የሲሙን ፒን ኮድ ግን ቀድማችሁ በስልክ አጥፉት፣ ፒን ያለው ሲም ሲገባ ብዙዎቹ ካሜራዎች ኔትወርክ አይይዙም። ፎቶው ስልካችሁ ላይ ሳይገባ ብር አትቁጠሩ።